ከአዲስ አበባ ወጥተን ተጂ ያልገባነው



ለዚህ እትም ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርንም። አራታችንም ተወልደን ያደግነው አዲስ አበባ ነው። የቤት ኪራይ ቤተሰቦቻችንን ቀስ በቀስ ወደ ዳር እየገፋ መጀመሪያ ሰበታ፣ ኋላም የጅማን መንገድ ተከትሎ ተጂ አድርሶናል። ስለዚህ የምናካፍላችሁ የደረሰብንን ነው።

1. ናፍቆት ምንድን ነው?

ሰው ያደገበትን ቦታ መናፈቁ ነውር አይደለም። እኛም የአውቶቡሱ ግፊያ ሳይቀር ናፍቆን ነበር። አመሻሽ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ፒያሳ ወጥተን በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት መቀመጡ፣ መጽሐፍ ለመዋስ ብዙ ቦታ መኖሩ፣ በመንገድ ስንሄድ ስማችንን የሚጠራ ሰው መገኘቱ ትዝ ይለናል። ተጂ በመጣን ሰሞን የሌሊቱ ጸጥታ እንቅልፍ ይነሳን ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ የበቾ ሜዳ መረሬ አፈር ጫማችንን ከእግራችን እየነጠቀ ያስቀርብን ጀመር።

ነገር ግን ናፍቆት መራጭ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እንደምናነበው እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ የግብጹን ዓሣ፣ ዱባና ሽንኩርት አስታውሰው አለቀሱ፤ የባርነቱን ቀንበር ግን አላነሱትም። እኛም እንዲሁ ነበርን። በግቢው አንድ መጸዳጃ ቤት የነበረውን ሰልፍ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በሩ የሚቆለፍብንን፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክመን የተንከራተትንበትን ሁሉ ረስተነዋል።

ከዚህም በላይ የምንናፍቀው ቦታ ቆሞ አልጠበቀንም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በተለይም ዶሮ ማነቂያ አካባቢ የነበሩ አሮጌ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሥራ ሲፈርሱ፣ ከምናውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። ከእኛ አንዱ የልጅነት ሰፈሩን ለማየት ሄዶ፣ የቤቱን ቦታ በአጠገቡ በነበረ ዛፍ ብቻ ለይቶ ተመልሷል።

2. ናፍቆት ምን ያሳጣናል?

የመጀመሪያውን ዓመት ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ አዲስ አበባ እየገባን፣ እሑድ ማታ እየተመለስን አሳለፍነው። በሳምንቱ መካከል ሥራችን የቅዳሜን መምጣት መቁጠር ነበር። በተጂ የማንንም በር አላንኳኳንም።

አጠገባችን አንዲት እናት ይኖራሉ። እንደ መንደሩ ልጆች «አዴ» እያልን እንጠራቸዋለን። ዕቃችንን ባወረድንበት ቀን ትኩስ ዳቦና ጀበና ሙሉ ቡና ይዘውልን የመጡት እርሳቸው ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የእኛ ኦሮምኛ ግን ፈጽሞ አልነበረም።

በአንድ እሑድ ማታ እንደ ልማዳችን ከአዲስ አበባ ስንመለስ በደጃቸው ድንኳን ተተክሎ አገኘን። ባለቤታቸው ቅዳሜ አርፈው በዚያው እሑድ ተቀብረዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ድንኳን ሲተክል፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ንፍሮ ሲቀቅል፣ በቅርብ ያለነው እኛ ግን ፒያሳ ተቀምጠን ነበር። አፍረን ስንገባ አዴ ቀና ብለው ተመለከቱንና፣ «ደኅና ገባችሁ? መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁን።

ቢወቅሱን ይቀለን ነበር። በዚያች ሌሊት የተረዳነው ነገር ቢኖር ከአዲስ አበባ ወጥተን ተጂ ግን አለመግባታችንን ነው። የምንኖረው በመንገድ ላይ ነበር። ሰው በሁለት ቦታ ሊናፍቅ ይችላል፤ በሁለት ቦታ ግን ለቀስተኛ ሊሆን አይችልም።

3. ከእኛ በፊት የሄዱት

ይህ ፈተና በእኛ የተጀመረ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ገደማ የሚሆኑ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል፣ የዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር በመላ አገሪቱ ወደ ገጠር ተልከዋል። ከእነርሱም መካከል ገጠርን ከዚያ በፊት ኖረውበት የማያውቁ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል፤ የየካቲት 25ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም የገበሬ ማኅበራትን በማቋቋም ረድተዋል። የዘመኑ ፖለቲካ ከባድ ስለነበረ ዘመቻውን ጥለው የተመለሱም ብዙ ናቸው። እነርሱ በመንግሥት ትእዛዝ ሄዱ፤ እኛን ያመጣን ኪራይ ነው። ሆኖም የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ገበሬውን ፊደል ለማስቆጠር የገበሬውን ቋንቋና የሥራ ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል። ሊያስተምር የሄደ ሰው መጀመሪያ ተማሪ ይሆናል ማለት ነው።

4. ታዲያ ምን እናድርግ?

ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ (ምዕራፍ 29) ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ የሚኖሩበትንም ከተማ ሰላም እንዲሹ መክሯቸዋል። ኢየሩሳሌምን እንዲረሱ ግን አልነገራቸውም። እኛም ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገሮችን ጀምረናል።

አንደኛ፣ ቋንቋ። ጠዋት አዴን «አከም ቡልተኒ?» ብለን ሰላም ማለት ከጀመርን ወዲህ፣ ስንሳሳት እየሳቁ ያርሙናል። ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ሲስቁ ያየናቸው በዚሁ ነው።

ሁለተኛ፣ የአገሩን ሥራ ማወቅ። በበቾ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል። ሽምብራና ጓያ ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም ገደማ ተዘርተው አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋሉ። ይህን ሳናውቅ ሜዳው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ይመስለን ነበር።

ሦስተኛ፣ መጥቀም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመንደሩ ሕፃናት ሒሳብ እናስጠናለን። አዲስ አበባ የምንሄደው አሁን በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ስንሄድም ለአዴ ነግረን ነው።

ናፍቆቱ ለቆናል ብለን አንዋሻችሁም። አመሻሽ ላይ ሚኒባሱ ረዳት «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» እያለ ሲጣራ ልባችን ዛሬም ይዘላል። ነገር ግን ባለፈው ወር አንዳችን ታሞ ሲተኛ፣ ገና ሳይነጋ በራችንን ያንኳኳው የመንደሩ ሰው ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ከምትናፍቁት ቦታ ያልናፈቃችሁት ነገር ምንድን ነው?
ለ. አሁን በምትኖሩበት ሰፈር ለቅሶ ቢሆን ማን ይነግራችኋል?
ሐ. በቅርቡ ወደ መንደራችሁ የመጣ ቤተሰብ አለ? ዳቦና ቡና ይዞ የሄደስ ማን ነው?