የጨጓራ ባክቴሪያ፣ አመጋገብና የሰውነት ክብደት

መግቢያ

«ምግብ አልስማማህ አለኝ፤ ሰውነቴም ከሳ» የሚል ሰው በየመንደሩ አይታጣም። ጥፋቱ የበርበሬ ወይም የቡና ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ሕመምተኛው ምግቡን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይበልጥም ይከሳል። በዚህ ጽሑፍ የጨጓራ ባክቴሪያ ከአመጋገብና ከክብደት ጋር ያለውን ግንኙነት ባጭሩ እንገልጻለን።

ባክቴሪያው ምንድን ነው?

ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ይህ ባክቴሪያ በዙሪያው አሞኒያ እየፈጠረ አሲዱን ስለሚያበርድ፣ በጨጓራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1982 በምርምር ለይተው አወቁት፤ በ2005ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የጨጓራ ቁስለት ዋና ዋና መንስኤዎች ይኸው ባክቴሪያና እንደ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ ቁስለት አያመጣም፤ ይሁን እንጂ የታመመን ጨጓራ ሊያቃጥል ይችላል። ባክቴሪያው እያለባቸው ምንም የማይሰማቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው።

ክብደትን እንዴት ይነካል?

1. ቁስሉ በጨጓራ ላይ ሲሆን ምግብ ሕመሙን ስለሚያብስ፣ ሰውየው መብላት ይፈራል፤ ይከሳልም። በቀጭን አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲሆን ግን ሕመሙ በባዶ ሆድና በሌሊት ይጠናል፤ ሲበሉ ይታገሣል።
2. ጨጓራው ለረጅም ጊዜ ሲቆጣ አሲዱ ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ የብረት ማዕድንና ቫይታሚን ቢ12 በሚገባ ወደ ሰውነት አይገቡም፤ የደም ማነስና ድካም ይከተላል።
3. ረኃብ እንዲሰማን የሚያደርገው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን የሚመነጨው በአብዛኛው ከጨጓራ ነው። ጨጓራው ሲጎዳ ይህ ሆርሞን ሊቀንስ ይችላል።

የሆድ ትል ያለባትን ላም መኖ በመጨመር ብቻ ማድለብ እንደማይቻል ሁሉ፣ ይህንንም ሕመም በምግብ ብቻ መመለስ አይቻልም። ተልባም ሆነ ወተት ለጊዜው ቢያስታግሥ ባክቴሪያውን አይገድልም። ከሕክምና በኋላ ግን የምግብ ፍላጎት ተመልሶ ክብደት የሚጨምሩ አሉ።

ምን ማድረግ ይገባል?

ሀ. በጤና ጣቢያ መመርመር። ባክቴሪያው በዓይነ ምድር ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል።

ለ. የታዘዘውን መድኃኒት መጨረስ። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀናት የሚወሰዱ አንቲባዮቲኮችና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ሕመሙ ቀለል ሲል ማቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል።

ሐ. ጨው ያልበዛበት ምግብ፣ ጎመን፣ ምስርና ፍራፍሬ ማዘውተር፤ የሚያመውን ምግብ ብቻ ለይቶ መተው።

መ. ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚይዘው በልጅነት፣ በቤተሰብ መካከል ስለሆነ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃ መጠጣት፣ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፤ ለሕፃንም ምግብ አኝኮ አለማጉረስ።

ማሳሰቢያ

ደም የሚያስታውክ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ምግብ መዋጥ የተሳነው ወይም ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ይህ ባክቴሪያ ለጨጓራ ካንሰርም መንስኤ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ምልክት «የተለመደው ጨጓራዬ ነው» ብሎ ማለፍ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። መኸሩ እስኪሰበሰብ ተብሎ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።