ዘግይቶ የሄደ ልጅ



ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ‹‹ወፌ ቆመች›› እያሉ ማጨብጨብ የቆየ ልማዳችን ነው። የእኩዮቹ እግር ሲጠና ልጇ ገና የሚድህባት እናት ግን በዚያ ጭብጨባ መካከል ልቧ ይሰጋል። ጎረቤት ‹‹ዓይን ነው›› ይላታል፤ አንዳንዱም የወላጆቹን ኃጢአት ይመረምራል። ይህ ትምህርት ስለዚያ ሕፃንና ስለ እናቱ፣ እንዲሁም አድጎ በአእምሮ ሕመም ስለሚያዝ ወጣት ነው። የሁለቱን ግንኙነትና የግንኙነቱን ወሰን እንመልከት።

1. ጥናቶች ምን አገኙ?

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተወለዱት መካከል 5,362 ሕፃናት እስከ ጉልምስናቸው ድረስ በጥናት ተከታትለዋል። ከእነዚህ ውስጥ 30ዎቹ 43 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ባለው ጊዜ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ሕመም መያዛቸው ታወቀ። ይህ ሕመም ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ያሰማል፣ ያለ ምክንያት ያስጠረጥራል፣ ሐሳብንም ይበታትናል። በ1994 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው እነዚህ ሰዎች በሕፃንነታቸው መሄድ የጀመሩት ከሌሎቹ በአማካይ 1.2 ወር ዘግይተው ነበር። የንግግር ችግርም ይበዛባቸው ነበር።

በሰሜን ፊንላንድ በ1966 የተወለዱትን የተከታተለው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አገኘ። በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ በ1972 እና በ1973 በተወለዱት ላይ የተደረገውም እንዲሁ በእንቅስቃሴ፣ በቋንቋና በማስተዋል ረገድ ቀድሞ የታየ ድክመት መኖሩን አመለከተ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? መሄድ የእግር ሥራ ብቻ አይደለም። እግርን የሚያዘው አንጎል ነው፤ ሐሳብንና ስሜትንም የሚመራው ያው አንጎል ነው። ስለዚህ ሕመሙ በ20 ዓመት ቢገለጥም ሥሩ ብዙ ጊዜ በማኅፀንና በሕፃንነት ዘመን የተጀመረ ነው ማለት ነው። በዘር የሚወረስ ዝንባሌና የወሊድ ችግር በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው።

2. ግንኙነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 1.2 ወር አምስት ሳምንት ያህል ነው፤ እናት በዓይኗ ለይታ የምታውቀው አይደለም። ልዩነቱ የታየው ብዙ ሺህ ሕፃናት ስለ ተመዘገቡ ነው። ዘግይተው ከሚሄዱ ልጆች እጅግ የሚበዙት በዚህ ሕመም አይያዙም። እንግዲህ ማንም ሰው የልጅን እግር አይቶ ስለ ነገው አእምሮው ሊተነብይ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት ጤናማ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መሄድ የሚጀምሩት ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ወሰኑ ሰፊ ነው።

3. የፕሮጀክት ሠራተኛ ምን ያድርግ?

ሀ) ሕፃኑ 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ፣ ወይም ይችለው የነበረውን መቀመጥና መዳህ ከተወ፣ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይላካት።

ለ) በቅርብ ያለውን ምክንያት አስቀድሞ ያስብ። ይኸውም የምግብ እጥረት፣ የደም ማነስ፣ ፀሐይ ካለማግኘት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ፣ በጨው ውስጥ አዮዲን አለመኖር፣ በምጥ ጊዜ የደረሰ መታፈን ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሊከለከሉ ወይም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው።

ሐ) ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ታዝሎ ወይም ተጠቅልሎ እንዳይውል ይምከር። በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ይዳህ፤ ያናግሩት፤ ያጫውቱት።

መ) ‹‹ይህ ልጅ ወደፊት ያብዳል›› የሚል ቃል ከአፉ አይውጣ፤ በመዝገብም አይጻፍ።

4. ቤተ ክርስቲያንስ?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁት። ጌታችን ግን ሁለቱንም አልተቀበለም። እኛም ሥሩ ከመወለድ በፊት ሊጀምር የሚችለውን ሕመም በበሽተኛው ወይም በእናቱ ላይ በደል አድርገን ልንቆጥር አይገባንም።

ከ1998 ጀምሮ በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት፣ በስኪዞፍሬንያ ከታመሙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች በየጓዳው ያሉ የእኛው ልጆች ናቸው። ስለዚህ የሚጸልይ ይጸልይ፤ የጸለየለትን ሰው ግን መድኃኒትህን ጣል አይበለው፤ እንዲታሰርም አይፍቀድ። ድምፅ እሰማለሁ የሚል ወጣት ቢመጣ ሳይዘገይ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሕክምና ቶሎ ሲጀመር ተስፋው ይበልጣልና።

ሕፃኑን ስንመግብ፣ ፀሐይ ስናሞቅ፣ ስናጫውት ለእግሩም ለአንጎሉም ስንቅ እንሰንቅለታለን። ዘግይቶ ለቆመውም ልጅ ጭብጨባችንን አንንፈገው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ዘግይቶ ስለሚሄድ ልጅ ምን ይባላል? እናቱንስ እንዴት ይጎዳታል?
2. በጉባኤያችን የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ማን ይጠይቃል?
3. በፕሮጀክታችን ካሉት ሕፃናት 18 ወር አልፎት ያልሄደ አለን? በዚህ ሳምንት ምን እናድርግለት?