ራም ስትጨምሩ፦ 32 ጊጋባይት ማየት ብቻ አይበቃም

ባለፈው ዓመት ቤት ያለውን ዴስክቶፕ ራም ከ16 ወደ 32 ጊጋባይት አሳደግኩት። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ከነበሩት ሁለት ራሞች ጎን ሁለት ያገለገሉ ጨመርኩ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ 32 የሚለውን ቁጥር አየሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። በሳምንቱ እናቴ ከአዲስ አበባ ይዛልኝ የመጣችውን ሃርድ ዲስክ ሰክቼ የቤተሰባችንን ፎቶዎች በሙሉ ወደዚሁ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። ዲስኩ ደህና ስለነበር ፎርማት አድርጌ ለጓደኛዬ ሰጠሁት።

ከሁለት ወር በኋላ እህቴ ደወለች። «የላክኸው የአባባ ፎቶ ለምን ከወገቡ በታች ግራጫ ሆነ?»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኢንተርኔቱን ነው፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲውን። ሁለቱም ነፃ ወጡ። አንድ ሌላ ምልክት ችላ ብዬ መክረሜን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ትልልቅ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል ሳደርግ ኮምፓይለሩ ራሱ አልፎ አልፎ ይወድቅ ነበር። ደግሜ ሳስጀምረው ሌላ ፋይል ላይ ይወድቃል፣ ወይም ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል። ትሬዶች እርስ በርስ የሚሻሙበት ፕሮግራም ካልሆነ በቀር፣ ኮድ ውስጥ ያለ ስህተት እንዲህ ቦታ አይቀያይርም። ያው ኮድ፣ ያው ግብዓት፣ በየጊዜው የተለያየ ውጤት ካያችሁ ሃርድዌሩን ጠርጥሩ። እኔ ግን የሶፍትዌር ሰው ነኝና ሁለት ወር ሙሉ ስወቅስ የከረምኩት ኮዴን ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ሜምቴስት 86 ፕላስ የተባለውን ነፃ የመፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ አስነሳሁ። ከአራቱ ራሞች አንዱ፣ አንድ አድራሻ አካባቢ፣ አንዲት ቢት አልፎ አልፎ ከ0 ወደ 1 ይለውጥ ነበር። 32 ጊጋባይት ማለት ወደ 275 ቢሊዮን ቢት ነው። ከዚያ ሁሉ አንዷ።

አንዲት ቢት ምን ታመጣለች ለሚል በራሳችን ፊደል ላሳየው። በዩኒኮድ የ«ሰ» ቁጥር በሄክሳዴሲማል 1230 ነው፣ የ«ሸ» ደግሞ 1238። የመጨረሻዎቹን ስምንት ቢቶች ብትጽፏቸው አንዱ 0011 0000፣ ሌላው 0011 1000 ነው። በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጡ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ እዚያም ቢሆን የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሰማ» ብላችሁ የጻፋችሁት ቃል ራም ውስጥ አድሮ «ሸማ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ ሶፍትዌር አይነቃበትም። «በ» እና «ተ»ም እንዲሁ የአንድ ቢት ጎረቤቶች ናቸው። ፎቶ ሲሆን ደግሞ ጄፔግ የታመቀ ፋይል ስለሆነ አንዲት ቢት ስትሳሳት ከእሷ በኋላ ያለው ምስል ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ፋይል ስትገለብጡ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ አንብቦ ራም ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዲስክ ይጽፈዋል። ራሙ ከዋሸ ኤስኤስዲው ውሸቱን በታማኝነት ይጽፋል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ከመግዛታችሁ በፊት ካለው።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን እወቁ። እንደ ወትሮው እየሠራችሁ ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና የራሙን ገጽ እዩ። ሁሉንም ከፍታችሁም ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ የሚቆም ከሆነ ራም መጨመር ምንም አያፈጥንላችሁም። ለብራውዘር፣ ለቪዲዮና ለቢሮ ሥራ ዛሬ 8 ጊጋባይት ይጠባል፣ 16 ይበቃል። አንድሮይድ ስቱዲዮን ከነኢሙሌተሩ የሚከፍት ወይም ዶከር ላይ ብዙ ነገር የሚያስነሳ ሰው ግን 32 ቢገዛ አልፈርድበትም። ኮምፒውተራችሁ አሁንም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ የሚነሳው ራሙን ተዉት፣ ገንዘባችሁን ኤስኤስዲ ላይ አውሉት። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የመረጃ ማዕከላት ሚሞሪ ቺፑን ስለሚሻሙት የራም ዋጋ በጣም ንሯል፤ «ለማንኛውም ይኑር» ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ቀጥሎ የሚገጥመውን መለየት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የዴስክቶፕ ዲዲአር3 240 እግር አለው፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም 288። የእግራቸው ቁጥር አንድ ቢሆንም መሀላቸው ያለው ቁራጭ ቦታ ስለሚለያይ አይሰኩም፤ በጉልበት የሞከረ ማዘርቦርድ ይሰብራል። የላፕቶፑ ደግሞ አጭሩ ዓይነት ነው፦ ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262 እግር።

አንድ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ «ስትመጣ 8 ጊጋ ራም ያዝልኝ» አለኝ። እኔም ሳልጠይቀው የላፕቶፕ ዲዲአር4 ገዝቼ ሄድኩ። የእሱ ላፕቶፕ የሚቀበለው ዲዲአር3 ነበር፣ ያውም በ1.5 ሳይሆን በ1.35 ቮልት የሚሠራውን። ራሙ በሻንጣ ሄዶ በሻንጣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ራም ስገዛ የላፕቶፑን ስም ብቻ አልቀበልም፤ ክዳኑን ከፍቶ የነባሩን ራም ተለጣፊ ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ አደርጋለሁ። ጽሑፉ ላይ «ፒሲ3ኤል» ካለ ያ ዝቅተኛ ቮልት የሚወስደው ዲዲአር3 ነው፤ «ፒሲ4» ካለ ዲዲአር4። ከፍቶ ራም የሚባል ነገር ካጣ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል ማለት ነው። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች እንዲያ ናቸው፣ የአፕል ኤም ቺፕ ያላቸው ማክቡኮችም ሁሉ ራም አይጨመርላቸውም። እነዚህን ስትገዙ የሚበቃችሁን ያህል ከፋብሪካው ይዞ የወጣውን ምረጡ።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ አንድ ወጥመድ አለ። ከሰርቨር የወጣ፣ ሬጂስተርድ የሚባል ራም በርካሽ ይሸጣል። የቤት ኮምፒውተር ማዘርቦርድ አይቀበለውም።

ፍጥነቱን በተመለከተ ማስታወቂያው ያጋንናል። 3200 የሚለው ቁጥር በሴኮንድ 3200 ሚሊዮን ዝውውር ማለት ነው፤ ሰዓቱ ግን 1600 ሜጋኸርዝ ነው። በእያንዳንዱ ዝውውር 8 ባይት ስለሚያልፍ በአንድ ቻናል በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት፣ በሁለት ቻናል 51.2 ይሆናል። አንድ ባለ 16 ከምትገዙ ሁለት ባለ 8 ብትገዙ የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ ማስገቢያ ካላችሁ። «ሲኤል» የተባለው ቁጥር ደግሞ መዘግየቱን ይነግራል፦ በ2000 አባዙት፣ ለፍጥነቱ አካፍሉት፣ መልሱ በናኖሴኮንድ ነው። ዲዲአር4 3200 በሲኤል 16፣ ዲዲአር4 3600 በሲኤል 18፣ ዲዲአር5 6000 በሲኤል 30፤ ሦስቱንም አስሏቸው፣ ሁሉም 10 ናኖሴኮንድ ነው። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ።

ከተቻላችሁ በአንድ ማሸጊያ ያለ ጥንድ ግዙ። እኔ ያደረግኩት ተቃራኒውን ነው፤ ከነበረኝ ጋር የሌላ ፋብሪካ፣ ታሪኩን የማላውቀው፣ ያገለገለ ራም ቀላቀልኩ። የተለያየ ፋብሪካ ራም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሠራል፣ ዋስትና ግን የለውም።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን አንዴ ተጫኑና የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ፣ የኬዙን ብረት ነክታችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያለውን አራግፉ። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ሁለት ራም ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ቋ የሚል ድምፅ እስክትሰሙ ተጫኑት።

አልነሳ ካለ አትደንግጡ፤ በደንብ ያልገባ ራም ቀዳሚው ምክንያት ነው። አውጥታችሁ እንደገና ስኩት። ዲዲአር5 ከሆነ መጀመሪያ ሲነሳ ራሱን ከማዘርቦርዱ ጋር ሲያስተካክል ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። አንድ ጓደኛዬ ተበላሸ ብሎ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ሲያበራ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሥራውን ከመጀመሪያው አስጀመረው። ሻይ አፍሉና ጠብቁ። ከዚያም ካልሆነ አንድ በአንድ እየሰካችሁ ሞክሩ። የራሙን እግር በላጲስ የሚፈገፍግ ቴክኒሻን ብዙ ነው፤ እኔ ግን የላጲሱ ፍርፋሪ ማስገቢያው ውስጥ ስለሚቀር፣ ወርቅ ቅቡንም ስለሚልጥ፣ በአልኮል የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ እመርጣለሁ።

ተነስቶ ፍጥነቱ 2133 ወይም 2400 ብቻ ቢላችሁ ተታለልን አትበሉ። የተጻፈውን ፍጥነት ለማግኘት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ፣ በኤኤምዲ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ኤክስፖ የሚለውን ማብራት አለባችሁ።

አሁን እኔ የዘለልኩት ደረጃ ደረሰ። ዊንዶውስ የራሱ የራም መፈተሻ አለው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ብዙ ያመልጠዋል። ሜምቴስት 86 ፕላስን ፍላሽ ላይ ጫኑ፣ ከፍላሹ አስነሱ፣ ማታ ጀምራችሁት ተኙ። ቢያንስ አራት ዙር ይጨርስ፤ 32 ጊጋባይት ላይ ይህ ሰዓታት ይፈጃል። ጠዋት የምትፈልጉት ቁጥር 0 ነው። «አንድ ስህተት ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ካለ ራሙ ወድቋል።

ስህተት ካገኛችሁ ራሙን ከመወርወራችሁ በፊት ኤክስኤምፒውን አጥፍታችሁ ድገሙት። ያኔ ስህተቱ ከጠፋ ራሙ ላይሆን ይችላል ጥፋተኛው፣ ፍጥነቱ ለአራት ራም ከብዶት ይሆናል፤ ዝቅ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ካልጠፋ አንድ ራም ብቻ አስቀርታችሁ፣ በዚያው ማስገቢያ ላይ ተራ በተራ ፈትሹ። ጥፋተኛው ሲታወቅ ደግሞ በሌላ ማስገቢያ ሞክሩት፤ ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው፣ ማስገቢያው ጋር ከቀረ ማዘርቦርዱ ነው። የእኔው በ2133 ፍጥነትም፣ በአራቱም ማስገቢያ ተሳሳተ። ሻጩ መልስ አልሰጠኝም።

ፎቶ፣ ሰነድ፣ ምትክ የሌለው ማንኛውም ነገር ስትገለብጡ ምንጩን ከማጥፋታችሁ በፊት የሁለቱንም ቅጂ ሻ-256 አሰሉና አመሳክሩ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ገና እንደገለበጣችሁ ካሰላችሁት ሲስተሙ ፋይሉን ከዲስኩ ሳይሆን ራም ውስጥ ካስቀረው ቅጂ ሊያነብላችሁ ይችላል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት። ደግሞም ራሙን የምትጠራጠሩት ኮምፒውተር ራሱን እንዲመሰክር አታድርጉ፣ አንዱን ስሌት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሥሩት።

ከ6 ሺህ ገደማ ፎቶዎች 41 ተበላሽተው አገኘሁ። ጓደኛዬ ጋር ደውዬ ዲስኩን መልሼ ተዋስኩት። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ ይዘቱን ስለማያጠፋ፣ ፎቶሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ሌሊቱን ሙሉ በተፈተሸው ራም፣ 33ቱን አወጣሁ። የቀሩት ስምንቱ የነበሩበት ቦታ ላይ ጓደኛዬ ፊልም ጭኖበታል። የአባባ ፎቶ ከስምንቱ አንዱ ነው። እህቴ አልበም ውስጥ በወረቀት የታጠበው እንዳለ ነገረችኝ፤ ስካን አድርጋ እስክትልክልኝ እየጠበቅኩ ነው።