ምስጢሩ ሳይነገር የሚሸጥ ዕቃ
ከአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ገዢዎች አስተያየት የሚገኝ የገበያ ትምህርት

አንድ ደላላ የሚሸጥ ቤት መኖሩን ለገዢ ሲነግር ስፋቱን፣ የክፍሎቹን ብዛት፣ ቢበዛ ደግሞ ሰፈሩን ይጠቅሳል። የትኛው ግቢ እንደሆነ ግን አስቀድሞ አይናገርም። ቢናገር ገዢው ባለቤቱን በቀጥታ አግኝቶ ይዋዋላል፤ የደላላው ኮሚሽንም ውኃ በልቶት ይቀራል። ባይናገር ደግሞ ገዢው «ሳላየው ምን ብዬ ልዋዋል?» ይላል። ይህ ችግር የደላላ ብቻ አይደለም። ዕውቀትን፣ መረጃን ወይም ምስጢርን የሚሸጥ ሁሉ ይገጥመዋል።

አሜሪካዊው የኤኮኖሚክስ ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ጥናት ጉዳዩን በግልጽ አስቀምጠውታል። ገዢው መረጃውን እስኪያውቀው ድረስ ምን ያህል እንደሚያወጣለት መገመት አይችልም፤ ካወቀው በኋላ ግን ሳይከፍል አገኘው ማለት ነው። እኚህ ምሁር በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ሐሳባቸው በሥራ ላይ ሲውል ለማየት ለሚፈልግ ሰው የወንጀል ምርመራ የኮምፒዩተር ጨዋታ ጥሩ ማስተማሪያ ነው፤ የሚሸጠው ነገር ራሱ ምስጢር ነውና።

የመድን መርማሪው ጨዋታ

ለዛሬው ትምህርታችን የመረጥነው «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» ወይም «የኦብራ ዲን መመለስ» የተባለውን ጨዋታ ነው። ሚስተር ሉካስ ፖፕ የተባሉ አሜሪካዊ ከአራት ዓመት በላይ ደክመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ለገበያ አቀረቡት። ሲወጣ ዋጋው 19 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር።

ታሪኩ ለነጋዴ ባዕድ አይደለም። ኦብራ ዲን የተባለች የንግድ መርከብ በ1802 ዕቃ ጭና ከለንደን ወደ ምሥራቅ ትነሳና ደብዛዋ ይጠፋል። በ1807 አንድም ሕያው ሰው ሳይኖርባት ወደ እንግሊዝ ጠረፍ ተመልሳ ትታያለች። ተጫዋቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የመድን መርማሪ ሆኖ መርከቧ ላይ ይወጣል። በእጁ የ60 ሰዎች ስም ዝርዝር፣ የፊታቸው ሥዕልና የሟቾችን የመጨረሻ ቅጽበት የሚያሳይ አንድ ተአምረኛ ሰዓት አለ። ሥራው እያንዳንዱ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበትና በማን እጅ እንደሆነ በመዝገብ ማስፈር ነው።

ጨዋታው መልስ አይሰጥም፣ ፍንጭም አይጠቁምም። ሦስት ሰዎች በትክክል ሲመዘገቡ ብቻ ያጸድቃል። ስለዚህ ተጫዋቹ ከንግግር ዘዬ፣ ከልብስ፣ ከቆመበት ስፍራና አብሮት ከቆመው ሰው ተነስቶ ማገናዘብ አለበት።

ገዢዎች ምን አሉ?

ጨዋታው በዋናነት በሚሸጥበት «ስቲም» በተባለው የኮምፒዩተር መደብር ላይ የገዢዎች አስተያየት ከመደብሩ የደረጃ ስያሜዎች ከፍተኛውን አግኝቷል። አስተያየቶቹን ላነበበ ሰው ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው፣ አብዛኞቹ ስለ ይዘቱ አለመናገራቸው ነው። «ምንም ሳታነብ ግዛ» የሚል ምክር ይደጋገማል። ገዢዎቹ ታሪኩን ቢተርኩ አድማጩ የሚገዛው ነገር እንደማይቀረው ተረድተዋል። ሳያውቁት የአሮውን ሐሳብ በተግባር እያዋሉ ነው።

ሁለተኛው፣ ሁሉን ረስተው እንደገና መጫወት መመኘታቸው ነው። ይህ ምስጋና ቢመስልም በገበያ ዓይን ሲታይ የምርቱን ድካም ያሳያል። መልሱን ያወቀ ሰው ዕቃውን ጨርሶታል። አስር ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ጨዋታ አንዴ ካለቀ ገዢው ተመልሶ የሚገዛው ነገር የለም።

ሦስተኛው ቅሬታው ነው። ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ ባለው ሥዕል ፊትን ከፊት መለየት ዓይን ያደክማል የሚሉ አሉ። ካለፈ ትዕይንት ወደ ሌላው ለመሄድ የመርከቧን ወለል መመላለስ ያሰለቻል የሚሉም አይጠፉም። የሦስት በሦስት ማጽደቂያው ሁለቱን ያወቀ ሰው ሦስተኛውን በመገመት እንዲያልፍ በር ይከፍታል የሚል ትችትም ይሰማል። እነዚህ ምስጢሩን ሳያወጡ ስለ ዕቃው አሠራር የሚናገሩ በመሆናቸው ለአዲስ ገዢ ከምስጋናው ይልቅ ይጠቅማሉ።

አሃዙ እንዴት ይነበብ?

በዚህ መደብር አስተያየት ሰጪው «እመክራለሁ» ወይም «አልመክርም» ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ከመቶ 95 ሰዎች መከሩ ማለት ዕቃው ከመቶ 95 ነጥብ አገኘ ማለት አይደለም። በመጠኑ የወደደውም እጅግ የወደደውም እኩል አንድ ድምፅ ነው።

ከዚህም በላይ ድምፅ የሰጡት ዕቃውን የያዙት ናቸው። በጥቁርና ነጭ የተሣለ የ1807 ምስጢር ለመግዛት ገንዘብ ያወጣ ሰው ቀድሞውኑ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወድ ነው። ጨዋታው ለሁሉም ሰው ቢታደል ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን በቻለ ነበር። ነጋዴ የነባር ደንበኞቹን ሙገሳ ይዞ የከተማውን ሁሉ ፍላጎት ያወቀ ሲመስለው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መደብሩ ለዚህ ሁለት መላ አበጅቷል። ከእያንዳንዱ አስተያየት አጠገብ ጸሐፊው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ይታያል፤ የአንድ ሰዓት ቅሬታና የአስር ሰዓት ቅሬታ አንድ አይደሉምና። ሌላው፣ ከመስከረም 2016 ወዲህ ጨዋታውን ከመደብሩ ያልገዙ ሰዎች አስተያየት በአጠቃላይ ውጤቱ ውስጥ አይቆጠርም። ዕቃውን ከሻጩ በነጻ የተቀበለ ሰው ምስክርነት ዋጋው ያነሰ መሆኑን የመርካቶ ነጋዴም ያውቀዋል።

አራቱ መውጫዎች

ምስጢር ሻጭ ታዲያ እንዴት ይሸጣል? ከዚህ ጨዋታ አራት መንገዶች ይታያሉ።

አንደኛው ቅምሻ ነው። ሚስተር ፖፕ እ.ኤ.አ. በ2014 የጨዋታውን ጥቂት ክፍል ለሙከራ ለሕዝብ ለቀዋል። የቡና ነጋዴ በናሙና ቅምሻ እንደሚዋዋለው ሁሉ ጥቂቱ ስለ ብዙው ይመሰክራል።

ሁለተኛው ስም ነው። እኚሁ ሰው በ2013 ያወጡት «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» የተባለ ጨዋታ ተወድዶላቸው ነበር። ብዙ ገዢ ገንዘቡን ያወጣው በአዲሱ ዕቃ ሳይሆን በሰውየው ተማምኖ ነው።

ሦስተኛው ዋስትና ነው። መደብሩ ከሰኔ 2015 ጀምሮ፣ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወተ ገዢ ገንዘቡን ይመልሳል። የሰዓቱ ገደብ በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። ገዢው እንዲቀምስ ይፈቅዳል፣ ጠጥቶ ጨርሶ ብርሌውን እንዳይመልስ ይከለክላል።

አራተኛው ምስክር ነው። ይዘቱን ሳይዘረዝር «ገዝቼ አልተጸጸትኩም» የሚል ሰው ለሻጩ ከማስታወቂያ ይበልጣል።

ለእኛ ምን ይጠቅማል?

ወደ ደላላው እንመለስ። እርሱም አራቱን መንገዶች በአቅሙ ሊሠራባቸው ይችላል። ግቢውን ከማሳየቱ በፊት የኮሚሽኑን ስምምነት በጽሑፍ ቢያስፈርም ዋስትናው ለራሱም ለገዢውም ይሆናል። ቀድሞ ያዋዋላቸውን ሰዎች በምስክርነት ቢጠራ ስሙ ይሠራለታል። የአዋጭነት ጥናት የሚሸጥ አማካሪም የጥናቱን አንድ ምዕራፍ አሳይቶ ቀሪውን በክፍያ ቢያደርግ ይሻለዋል። ሙሉውን ረቂቅ አስረክቦ ክፍያ የሚጠብቅ አማካሪ ምስጢሩንም ገንዘቡንም አጥቶ ይመለሳል።

ገዢም የሚማረው አለ። የሌሎችን አስተያየት ሲሰማ ተናጋሪው በገንዘቡ ገዝቶ እንደሆነ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀመበትና ዝም ያሉት ለምን ዝም እንዳሉ ይጠይቅ።

ቤትም እንደ ምስጢር ጨዋታ ነው፤ አብዛኛው ሰው በዕድሜው ደጋግሞ አይገዛውም። ስለዚህ ደላላው ከዚያው ገዢ ሁለተኛ ኮሚሽን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ገዢው ለወንድሙ፣ ለጎረቤቱና ለሥራ ባልደረባው የሚነግረውን ነው። በአንዱ ሽያጭ ያታለለ ደላላ ያጣው አንድ ደንበኛ ሳይሆን ከዚያ ደንበኛ ኋላ የተሰለፉትን ሁሉ ነው።