ባለቤትና ባለአደራ

ሀ. ምንባብ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በጉደር ከተማ የሚኖሩ አንድ ነጋዴ አሉ እንበል። እኒህ ሰው ከሚያከራዩአቸው ቤቶች አንዱን ለሦስት የታመኑ ሰዎች ያስረክቡና፥ «ኪራዩ በአምቦ ለሚማሩ ወላጅ የሌላቸው ልጆች የመጽሐፍ መግዣ ይሁን» ብለው በጽሑፍ ያስታውቃሉ። ገንዘቡን በምጽዋት መልክ ቢሰጡት ኖሮ በጥቂት ቀን ባለቀ ነበር። አሁን ግን ቤቱ ሳይነካ ኪራዩ ብቻ በየዓመቱ ይታደላል። ይህን የመሰለው ሥርዓት የበጎ አድራጎት አደራ ይባላል።

በዚህ ሥርዓት ሦስት ወገኖች አሉ። ሰጪው ዓላማውን ይወስናል፤ ባለአደራው ንብረቱን ያስተዳድራል፤ ተጠቃሚው ፍሬውን ይቀበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ንብረት ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅም የበጎ አድራጎት አደራን ያውቀዋል።

የእንዲህ ያለው ተቋም ፍሬ ለአምቦ አካባቢ ተወላጅም ደርሷል። በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1958 ዓ.ም.፥ ገና በ29 ዓመታቸው፥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሽልማቱ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቀርቷል።

«አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ባለአደራው ኪራዩን ለራሱ ቢያውለው ማን ይከሰዋል? ሰጪው ምናልባት በሕይወት የለም፤ ልጁም የሚገባውን አያውቅም። ስለዚህ ገቢውና ወጪው በመዝገብ ሊሰፍር፥ ሒሳቡም በየጊዜው በሌላ ሰው ሊመረመር ይገባል። አለዚያ የተወረሰው የልጆቹ መጽሐፍ ነው።

ለ. ሰዋስው

«ባለ» በስም ላይ ሲጨመር ብዙ ጊዜ የአንድ ነገር ጌታ መሆንን ያመለክታል፤ ምሳሌ፦ ባለቤት፥ ባለሀብት። «ባለአደራ» ግን የንብረቱ ጌታ አይደለም፤ የራሱ የሆነው ኀላፊነቱ ብቻ ነው።

ሐ. መልመጃ

1. ምጽዋትና የበጎ አድራጎት አደራ በምን ይለያያሉ?
2. ባለሙያ፥ ባለዕዳና ባለጉዳይ በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ከሦስቱ የሀብት ጌትነትን የሚያመለክት አለን? አስረዱ።
3. በጊንጪ፥ በጌዶ ወይም በምትኖሩበት ከተማ አንድ ቤት በአደራ ተሰጣችሁ እንበል። ለምን ዓላማ እንደምታውሉትና እንዴት እንደምትጠብቁት በሁለት አንቀጽ ጻፉ።