«ቅርብ ናት» የሚሏት ጭነት

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ዓለም ገና መንገድ ዳር። አይሱዙውን አቁሞ ሻይ የያዘ ባለመኪና ስልኩ ይጮኻል። ደላላው ነው። «ጋሼ፣ አንድ ጭነት አለችኝ። ከሰበታ ሱሉልታ፣ ቅርብ ናት። 50 ኩንታል፣ በኩንታል መቶ ብር። ልያዝልዎ?» ባለመኪናው በልቡ ያሰላል፤ አምስት ሺህ ብር ይገኛል፣ ናፍጣው ከአንድ ሺህ አምስት መቶ አያልፍም፣ ሦስት ሺህ አምስት መቶው የእኔ ነው። «ያዛት» ይላል።

እኔም ለዓመታት ያሰላሁት እንዲህ ነበር። ስህተቴን ያወቅሁት ስድስቱ ጎማዎች አብረው ባለቁ ጊዜ ነው። መግዣ ብር አጣሁ። ሥራ ፈትቼ አልነበረም፤ ቆሜ የዋልኩበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ገንዘቡ የት ገባ ብዬ ወደ ኋላ ስቆጥር ነገሩ ተገለጠልኝ። ጎማውን በየጭነቱ ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ ስሸጥ ኖሬአለሁ፣ ዋጋውን ግን ከማንም አልተቀበልኩም።

ይህ ስህተት በሁሉም ቦታ ቢኖርም በአዲስ አበባ ዙሪያ ይከፋል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ጀምሮ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለጭነት መኪና ግን አሁንም ሦስት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ጀርባ። መካከላቸው አዲስ አበባ አለች። የጭነት መኪና በከተማዋ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ነው፤ ሰዓቱ ያልደረሰለት ዳር ይዞ ይጠብቃል። ከዚያ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ያለው ዳገት አለ። በካርታ 50 ኪሎ ሜትር ግድም የሆነው መንገድ በሥራ ሲለካ ሙሉ ቀን ይበላል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሾፌር የሚከስረው በኪሎ ሜትር ነው። እኛ የምንከስረው በሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሒሳባችንም ከቀን መጀመር አለበት።

ቁጥር ይዘን እንየው። የምጠቅሳቸው ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራሳችሁን ከደብተራችሁ አውጥታችሁ ተኩባቸው።

መኪናው ቢሄድም ቢቆምም በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ አለ። የረዳት ደመወዝ 5,000፣ የመድን ዓመታዊ ክፍያ ለ12 ሲካፈል 5,000፣ ለዓመታዊ ምርመራ፣ ለቦሎና ለግብር የሚቀመጥ 3,000፣ ለማታ ማደሪያና ጥበቃ 2,000። የሾፌሩ ደመወዝ 15,000 እንበል። ባለመኪናው ራሱ ቢነዳም ይህ ይያዛል። ብዙዎቻችን የምንዘለው እሱን ነው፤ «ለራሴ ደመወዝ ልክፈል እንዴ?» እንላለን። አዎ፣ መከፈል አለበት። ነገ ብትታመሙ መኪናውን የሚነዳላችሁ ሰው በነፃ አይነዳም። በመጨረሻ የመኪናው እርጅና፦ በ10 ዓመት ውስጥ ከጉልበቱ የ2,400,000 ብር ያህል ያልቃል ብንል በወር 20,000 ነው። ድምሩ 50,000 ይመጣል። በወር 20 ቀን ጭነት የሚገኝ ከሆነ እያንዳንዱ የሥራ ቀን 2,500 ብር መሸፈን አለበት። በ30 የሚያካፍል ሰው ራሱን ያታልላል፤ መኪና እሑድ፣ በዓል፣ ጋራዥ፣ መንገድ የተዘጋበት ቀን አለውና።

እርጅናን ሳነሳ ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ። «የእኔ መኪና ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ አይወድቅም።» እውነት ነው፤ የዛሬ ስምንት ዓመት የተገዛ አይሱዙ ዛሬ ከተገዛበት በላይ ይሸጥ ይሆናል። ነገር ግን የጨመረው የመኪናው ጉልበት አይደለም፣ የወደቀው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከመቶ ብር አለፈ። ጎማም፣ ፍሬን ሸራም፣ ፍሪሲዮንም ከውጭ የሚመጣ ነው። አሮጌውን በውድ ብትሸጡ አዲሱን የምትገዙት ከዚያ በበለጠ ውድ ነው። ስለዚህ እርጅናው ከጭነቱ ዋጋ ላይ ይነሳ፤ የምታነሱትም ዛሬ መኪናው በሚሸጥበት ዋጋ ተምናችሁ ይሁን።

አሁን ወደ መንገዱ። ናፍጣውን በግምት አትያዙ። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙሉ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ጻፉ፣ ሥራችሁን ሥሩ፣ ከዚያ እንደገና አፉ ድረስ ስትሞሉ የገባውን ሊትር ተመልከቱ። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ያደረገ ሰው መኪናው ተጭኖ በሊትር ስንት እንደሚሄድ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ከ2015 ወዲህ ነዳጅ የሚቀዳው በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ስለሆነ የሊትሩ መጠን ባይኖር እንኳ የከፈላችሁት ብርና ቀኑ ስልካችሁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማታ ማታ ወደ ደብተር መገልበጥ ብቻ ነው የቀረው። ለምሳሌያችን በሊትር 4 ኪሎ ሜትር፣ ሊትሩንም 120 ብር እንያዝ፤ በኪሎ ሜትር 30 ብር። ስድስት ጎማ በ150,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 3 ብር። ዘይትና ፊልትሮ 10,000 ብር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ 2 ብር። ለፍሬን፣ ለባሌስትራ፣ ለፍሪሲዮንና ለድንገተኛ ብልሽት 5 ብር። በጠቅላላው 40 ብር በኪሎ ሜትር።

ወደ ንጋቱ ስልክ እንመለስ። ሱሉልታ ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው ባዶውን ሲመለስም ጎማው ይበላል፣ ናፍጣውም ይነዳል። መንገዱ 4,000፣ ቀኑ 2,500፣ ድምር 6,500 ብር። ደላላው የሰጠው 5,000 ነው። ሦስት ሺህ አምስት መቶ አተረፍኩ ያለው ሰው 1,500 ብር ከኪሱ ከፍሎ የሌላ ሰው ዕቃ አድርሷል። 15 በመቶ ትርፍ ቢጨምርበት 7,475 ይመጣል፤ በኩንታል 150 ብር ግድም ማለት ነው። ደላላው ከላይ 10 በመቶ የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ 7,475ን ለ0.9 አካፍሉ፤ የሚጠየቀው 8,300 ብር ግድም ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች መለየት አለባቸው፤ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር። 4,000 የመንገድ ወጪ ነው፤ መኪናው ካልተነሳ አይወጣም። 2,500ው ግን ብትቆሙም ይወጣል። ስለዚህ ጭነት በጠፋበት ቀን 5,000 ብር መቀበል ከመቆም ይሻላል፤ ቢያንስ ከ2,500ው ላይ 1,000 ብር ይሸፈናል። ከ4,000 በታች ከሆነ ግን መቆም ይሻላል፤ ይህ ክርክር የለውም። አደጋው ያለው በመካከሉ ነው። ደላላ የማይረሳው ነገር ቢኖር አንድ ሾፌር ስንት ተቀብሎ እንደሄደ ነው። ሰኞ በችግር 5,000 የወሰደ ሐሙስ 8,000 ሲል «ያን ቀን በአምስት አልሄዱም?» ይባላል። እኔ እንዲህ ያለ ጭነት ስወስድ ምክንያቱን አብሬ እናገራለሁ፦ «ዛሬ ቆሜ ከምውል ብዬ ነው፣ ዋጋዬ ይህ አይደለም።» በወር ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይም አልወስድም። ከዚያ ካለፈ ችግሩ የዋጋ አይደለም፤ በዚያ መስመር መኪና በዝቷል ማለት ነው፣ መስመር መቀየር ይሻላል።

የመልስ ጭነትም በዚሁ ዓይን ይታይ። መመለሳችሁ ካልቀረ፣ ጭነቱ የሚጨምረው ትንሽ ናፍጣና የማራገፊያ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከሙሉ ዋጋ በታች ቢሆንም ያዋጣል። ግን ስንት ሰው ነው የ3,000 ብር የመልስ ጭነት ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ሱሉልታ ቆሞ የሚያድር! ቀኑ 2,500 በልቷል፣ ምግብና ማደሪያ ተጨምሮበታል፣ ነገ ጠዋት ሰበታ የሚጠብቀው ሥራም አልፏል። እስከ 8 ሰዓት ካልተገኘ ባዶ መመለስ የብዙዎች ኪሳራ የሚቆምበት ቦታ ነው።

መቆም ያልኩትን በቅርብ ላሳያችሁ። አንድ ጊዜ የተሞላ መኪና ይዤ አንድ ግቢ በር ላይ ደረስኩ። ግምጃ ቤት ኃላፊው የለም፤ ለቅሶ ሄዷል ተባለ። ማታ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው ሸራው የተፈታው። ረዳቴ ጎማ ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኛ፤ እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አደርኩ። በኩንታል የተስማማሁት ዋጋ ያው ነበር፤ ለሁለት ቀን የአንድ ቀን ተከፈለኝ። ለመጠየቅም አፍ አልነበረኝም፤ አስቀድሜ አልተናገርኩም። ዛሬ ጭነት ስቀበል ከዋጋው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር አብሬ እላለሁ፦ «ከደረስኩ በኋላ ሦስት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግማሽ ቀን 1,250፣ ሙሉ ቀን 2,500 ይጨመራል።» ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ስናገረው አላፍርም። የደረስኩበትንም ሰዓት ለጭነቱ ባለቤት በመልእክት እልካለሁ። ብዙዎቹ ይስማማሉ፤ የማይስማማው ደግሞ በሩ ላይ የሚያስቆም እሱ እንደሆነ አስቀድሞ ነግሮኛል።

በኩንታል መተመን ራሱ የሚጎዳበት ጭነት አለ። በጥቅምትና በኅዳር የሱሉልታ ሜዳ ሲታጨድ ድርቆሽ ወደ ከብት አርቢው ይጓዛል። ድርቆሽ ቀላል ነው፤ መኪናው እስከ ላይ ተከምሮ ክብደቱ ከሚችለው በታች ይሆናል። በኩንታል ከተስማማችሁ ቦታው ሞልቶ ሒሳቡ ይጎድላል። ድርቆሽ፣ ስፖንጅ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የቤት ዕቃ፣ ሁሉም በመኪና ይተመን። በተቃራኒው አሸዋና ጠጠር በቢያጆ ስለሚሸጥ «ትንሽ ጨምርበት» የሚል ይበዛል። የተጨመረው ከተፈቀደው ጭነት በላይ ከሆነ ጎማና ባሌስትራ ከፋይ ናቸው፤ ሚዛን ጣቢያ ከተያዘ ደግሞ ቅጣቱ የባለመኪናው ነው። ወደ ጎጃም ለሚወጡት ይህ የሕይወት ጉዳይም ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከልክ በላይ ተጭኖ መውረድ የፍሬን ዋጋ ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው።

ለፋብሪካ በቋሚነት የሚጭኑ አንድ ነገር ሳያስገቡ አይፈርሙ፤ የናፍጣ ዋጋ ለውጥ። በሚያዝያ 2014 ማብቂያ ሊትሩ ከ36 ብር በታች ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀመረ፤ በታኅሳስ 2017 መጨረሻ 99 ብር ገደማ ደረሰ። በመካከሉ የዓመት ውል በአንድ ዋጋ የያዘ ሰው ምን እንደደረሰበት ከሰበታ እስከ ቡራዩ የማያውቅ የለም። ውሉ ላይ የፈረማችሁበት ቀን የናፍጣ ዋጋ ይጻፍ። መኪናው በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ ናፍጣ በ10 ብር ሲጨምር ኪሎ ሜትሩ በ2 ብር ከ50 ይጨምራል፤ የ100 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 250 ብር። «ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ዋጋ ሲቀይር በዚህ ስሌት ይስተካከላል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ሲቀንስም እንደሚቀንስ ጻፉበት፤ ፋብሪካው የሚፈርመው ያኔ ነው።

ስለ አከፋፈል ብዙ አልልም። ከማታውቁት ሰው ቢያንስ የናፍጣውን ቀብድ ሳትቀበሉ ሞተር አታስነሱ፤ ቀሪው ሸራ ሳይፈታ ይግባ። ከወር በኋላ እከፍላለሁ የሚል ደንበኛ ከእናንተ እየተበደረ ነውና ዋጋው ከጥሬ ገንዘብ ዋጋ ከፍ ይበል። በቼክ ከሆነ ባንኩ ድረስ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ደረቅ ቼክ ይዞ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሾፌር በየቀኑ 2,500 ብር እየከፈለ ነው።

እኔ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የቀኑንና የኪሎ ሜትሩን፣ በወፍራም እስክሪብቶ ካርቶን ላይ ጽፌ ከመሪው በላይ ባለው የፀሐይ መከለያ ላይ ለጥፌአለሁ። ናፍጣ ወይም ጎማ በጨመረ ቁጥር ካርቶኑን እቀይረዋለሁ። ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። «ቅርብ ናት» ሲለኝ ደግሞ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ በስንት ሰዓት ይጫናል፣ ማን ያራግፋል፣ በስንት ሰዓት ከተማ ልገባ እችላለሁ? መልሱን ሳልሰማ ዋጋ አልጠራም።