በግድግዳህ ላይ የሰቀልኸው ምንድር ነው?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እወቅ፤ የሰው ቤት ግድግዳ ያለ አንደበት ይናገራል። እንግዳ ገብቶ ሳይቀመጥ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያነሣል፤ ባለቤቱ የሚወደውን፥ የሚመካበትንና የሚፈራውን ከዚያ ላይ ያነባል። ስለዚህ የሚሰቀለውን ነገር በአራት ከፍለን እንመልከት።

የመጀመሪያው ለጌጥ የሚሰቀለው ጨርቅ ነው። ኢማም ሙስሊም በሐዲስ መድበላቸው እንዳስተላለፉት፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዘመቻ በወጡ ጊዜ የምእመናን እናት ዓኢሻ አንድ ጌጠኛ ምንጣፍ ወስደው በሩን ጋረዱበት። ነቢዩም ተመልሰው ባዩት ጊዜ አለመውደዳቸው በፊታቸው ታወቀ፤ ስበውም ቀደዱት፤ ድንጋይንና ጭቃን እናለብስ ዘንድ አላህ እንዳላዘዘን አስረዱ። ዓኢሻም ጨርቁን ቆርጠው፥ የተምር ዛፍ ቃጫ ሞልተው፥ ሁለት ትራስ አደረጉት፤ በዚህም አልተነቀፉም። ኢማም አን-ነወዊ ይህ ሐዲስ ነገሩን ሐራም አያደርገውም ብለዋል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ያው ጨርቅ በበር ላይ ሳለ ተጠላ፥ ከራስ በታች ሲሆን ጠቀመ። ድንጋይ አይበርደውም፤ የሚበርደው ጎረቤትህ ነው።

ሁለተኛው ሥዕል ነው። ነፍስ ያለውን ፍጡር ሥዕል በግድግዳ መስቀልን አብዛኞቹ ዑለማ ከልክለዋል፤ ኢብኑ ዐባስ ግን ኑሮው በሥዕል ለነበረ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል ፈቅደውለታል። በፎቶግራፍ ዑለማ ተለያይተዋል፤ ከ1914 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ፥ ፎቶግራፍ ጥላን መያዝ ነው ብለው መፈቀዱን በመጽሐፍ አስረድተዋል፤ ሌሎች ግን ከልክለዋል። ሊቃውንት በተለያዩበት ነገር ወንድምህን አታውግዝ፤ ራስህን ግን መርምር። የሞተውን አባትህን ፎቶግራፍ በወርቅ ቀለም አስጊጠህ ሰቅለህ እንደ ሆነ፥ ዕዳውን ከፍለህለታልን? ዱዓ አድርገህለታልን? ለሙታን የሚደርሳቸው ይህ ነው እንጂ ምስማርና መስተዋት አይደለም።

ሦስተኛው ከክፉ ዓይን ይጠብቀኛል ተብሎ የሚሰቀለው ነው፤ ሰማያዊ ዶቃ፥ የእጅ ቅርጽ፥ የፈረስ ኮቴ ብረት፥ ክታብም። ከቁርኣን በተጻፈው ክታብ ቀደምት ሊቃውንት ተለያይተዋል፤ ዶቃና ብረት ግን ይጠብቃል ብሎ ማመን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ነገር ነው። ወንድሜ ሆይ፥ ብረቱ ራሱን ከዝገት ማዳን አይችልም፤ ልጅህን እንዴት ያድንልሃል?

አራተኛው የቁርኣን አያና የነቢዩ መታሰቢያ ነው፤ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጉትም በዚህ ነው። በ1698 እ.ኤ.አ. የሞተው የኢስታንቡሉ የጽሕፈት ሊቅ ሓፊዝ ዑስማን የነቢዩን መልክና ጠባይ የሚገልጸውን ቃል ውብ አድርጎ በአንድ ሰሌዳ አቀናጀው፤ ሒልያ የተባለውም ይህ ሰሌዳ በብዙ ቤት ተሰቀለ። በ1277 እ.ኤ.አ. የሞቱት አን-ነወዊ ደግሞ ቁርኣንንና የአላህን ስሞች በግድግዳ ላይ መቅረጽ የተጠላ መሆኑን ጽፈዋል፤ ክብሩ እንዳይጓደል ነውና። እንግዲህ የሚሰቅል ሰው ቢኖር አቧራ እንዳይለብስ፥ ወድቆም እንዳይረገጥ ይጠንቀቅ።

ከዚህ የሚከፋ መጓደል ግን አለ። አንዱ ስለ ሚዛን የወረደውን ሱራ በሱቁ ይሰቅላል፤ ከበታቹ ቆሞ ሚዛን ያጎድላል። ሌላው የነቢዩን ትዕግሥት የሚናገረውን ሒልያ በሳሎኑ ያኖራል፤ ከሥሩ ተቀምጦ በሚስቱና በሠራተኛው ላይ ይጮኻል። ሦስተኛው አያተል ኩርሲን በወርቅ አስጽፎ ሰቅሏል፤ ልጆቹ ግን በቃላቸው አያውቋትም። እነዚህ በገዛ ገንዘባቸው በራሳቸው ላይ ምስክር ገዙ። ቁርኣን የወረደው በልብ ሊያዝና ሊሠራበት ነው እንጂ ግድግዳ ሊያስጌጥ አይደለም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ማታ በቤትህ መካከል ቁመህ እያንዳንዱን ነገር ተመልከት፤ ሦስት ጥያቄም ጠይቅ። ይህ የተገዛው ከሐላል ገንዘብ ነውን? እኔ የምታመነው በአላህ ነው ወይስ በዚህ? በላዩ የተጻፈውን ከበታቹ እሠራዋለሁን? መልሱ ያሳፈረህ እንደ ሆነ ለማውረድ አትቸኩል፤ ክታቡንና ዶቃውን አውርድ፥ አያውን ግን አጥናው፥ ለልጆችህም አስተምራቸው። ግድግዳው አንድ ቀን ይፈርሳል፤ በልብ የተጻፈው ግን እስከ ቀብር አብሮህ ይወርዳል።

አላህ ቤታችንን በመታዘዝ ያስጊጥልን። አሚን።